ለባቄላ ለቀማ ነው የምንከፍለው?

ደብዳቤው

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ ሲያልቅ ልጄን የተቀበሉኝ አማቴ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ከመስከረም ጀምሮ ሕፃናት ማቆያ አስገባናት። ልጄ ደስተኛ ናት፤ ጠዋት ስንለያይም አታለቅስም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማቆያው በየማታው የዕለቱን ወሬ ከፎቶ ጋር በቴሌግራም ይልክልናል። ወሬው ግን ሁሌ «ዛሬ ባቄላና አተር ስንለይ ዋልን»፣ «ዛሬ ውሃ ከጆግ ወደ ጣሳ ስንገለብጥ ነበር»፣ «ዛሬ ጭቃ አቡክተን ድስት ሠራን» ነው። አማቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ፎቶውን ሲያዩ «ለባቄላ ለቀማ ነው ገንዘብ የምትከፍሉት? እኔ ዘንድ በነፃ ትለቅም የለም ወይ!» አሉ። የጎረቤታችን ልጅ እኩያዋ ነው። ሌላ ቦታ ገብቶ ኤቢሲዲውን እስከ መጨረሻው ይወርደዋል፤ በእንግሊዝኛም እስከ ሃያ ይቆጥራል። የኔዋን «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስላት «ምንም» ትለኛለች። ባለቤቴ «እኛ በአራት ዓመታችን ፊደል ቆጥረናል፤ ከዚያ እናውጣት» እያለ ነው። አንዱን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አማትሽ ያሉት ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ቆም አልኩ። የጠየቁት እኮ ደህና ጥያቄ ነው። ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ የሚከፈል ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ ነውር የለውም።

እንዳላንጠለጥልሽ መልሴን ላስቀድም። አታውጫት። ማለቴ፣ በባቄላው ምክንያት አታውጫት። ልጅን ከማቆያ የሚያስወጣ ነገር አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። ባቄላው ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

እስቲ የላክሽልኝን ፎቶ መልሰሽ ክፈቺው። ልጅሽ መሬት ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ። አንዱ ውስጥ ባቄላ፣ አንዱ ውስጥ አተር ይታያል። የሦስተኛው ግን ጎኑ እንጂ ውስጡ አይታየኝም። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ በኩል አውጥታለች። አሁን የቀኝ እጇን ተመልከቺ። አንዲት አተር በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል ይዛለች። መሀል ጣቷ ከታች ደግፏል።

ይህን አያያዝ አወቅሽው? የእርሳስ አያያዝ ነው።

ማንም «እርሳስ እንዲህ ይያዛል» አላላትም። አተሯ ትንሽ ናት፣ ክብ ናት፣ ታመልጣለች። በመዳፍ ጨብጣ ልታነሳት ብትሞክር አትሆንላትም። ስለዚህ ጣቶቿ ራሳቸው መላ መቱ። መቶ ጊዜ አንስታ መቶ ጊዜ ስትጥል ጣቷ ይጠነክራል። ዓይኗ ደግሞ የባቄላውን ጠፍጣፋነት ከአተሩ ክብነት ይለያል። ፊደል ሲመጣ በ እና ሰ፣ ለ እና ሰ እንዳይምታታባት የሚረዳት ይኸው ትንሽ ልዩነትን የሚያይ ዓይን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። በወጣትነቴ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ወላጅ ደብተር ማየት ይወዳል። እኛም ደብተር እንሞላለን። ሦስት ዓመት ከምናምን የሆናቸውን ልጆች ሀ-ን ሙሉ ገጽ አስጽፋቸው ነበር። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ እርሳሱን እንደ ዘነዘና በጡጫው ይይዘዋል። ሲጽፍ ወረቀቱ ይቀደዳል። እኔ ደግሞ ጣቱን እየፈለቀቅሁ አስተካክላለሁ። አንድ ቀን ጠዋት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «እጄ ታሟል» አለኝ። ጨርቁን ስፈታው ምንም የለውም። ያን ቀን እንኳ አልገባኝም፣ ተንኮል መሰለኝ። ያው ልጅ ዕረፍት ሰዓት ላይ ውጭ ጉንዳን በሳር እንጨት እያነሳ ከአንድ ጉድጓድ ወደ ሌላ ያዛውር ነበር፤ ጣቱ ሳር የሚይዝበት ልክ ያስገርማል። ያን ከደብተሩ ጋር ለማገናኘት ወራት ፈጀብኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

በሦስት ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ክብ አይቶ ክብ ለመሳል ይሞክራል። መስቀል የሚሳልለት ወደ አራት ሲጠጋ ነው። አራት ማዕዘን ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ተ-ን ለመጻፍ መስቀል መሳል የሚችል እጅ ያስፈልጋል። ልጅሽ 1ኛ ክፍል የምትገባው በ7 ዓመቷ ነው። ገና ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ጊዜ አላት። ምን ያስቸኩላል?

ወደ ጎረቤትሽ ልጅ ልምጣ። በመጀመሪያ ልጁን አናሳንሰው። መሸምደድም ችሎታ ነው፤ የኔታም ሲያስተምሩ በዜማ ያስሸመድዱ ነበር። ግን ቁጥር መጥራትና መቁጠር ይለያያሉ። አንድ ቀን ቡና ስትጠጡ አንድ እፍኝ ባቄላ አስቀምጪና ሁለቱንም ልጆች ተራ በተራ «አራት ባቄላ ስጡኝ» በያቸው። እስከ ሃያ የሚወርደው ልጅ እፍኙን ሙሉ አንስቶ ቢሰጥሽ አትገረሚ። ያንቺም ልጅ ሁለት ሰጥታ «በቃ» ልትልሽ ትችላለች። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች እንደዚያ ናቸው። «አራት» የሚለው ቃል እነዚህን ብቻ፣ ከእነዚህ ያልበለጠ ያልጎደለ ማለት እንደሆነ የሚገባው በብዙ መንካት፣ በብዙ ማንሳትና መጣል ነው። የእንግሊዝኛ ቁጥር ደግሞ ምኑም ለማይታወቅ ነገር ሌላ ስም መጨመር ነው። (ፈተናውን እናቱ ፊት አታድርጊው ብል ይሻል ይሆን? ጉርብትና ይበላሻል። እሺ፣ ልጅሽን ብቻ ሞክሪያት።)

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ከጆግ ወደ ጣሳ ሲገለበጥ ሞላ፣ ጎደለ፣ ፈሰሰ፣ ተረፈ የሚሉት ቃላት እጇ ላይ ይገባሉ። ገበያችን እህልን በጣሳ ይሰፍራል አይደል? ያ ስሌት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። በአራት ዓመቱ ፊደል ቆጥሮ ከሆነ እሰየው። የኔታ ዘንድ ግን በቀን ስንት ሰዓት ተቀመጠ? የቀረውን ጊዜስ የት ነበር? «አፈር ፈጭተን ውሃ ተራጭተን ያደግን» የምንለው ዝም ብሎ አባባል አይደለም። እውነትም አፈር ፈጭተን፣ እውነትም ውሃ ተራጭተን ነው ያደግነው። ጥጃ ጠብቀናል፣ ጠጠር ወርውረን ቀልበናል፣ በጭቃ በሬ ሠርተናል። ፊደሉ የመጣው በዚያ ሁሉ በጠነከረ እጅና በተፈታ አፍ ላይ ነው። ዛሬ ልጅሽ የምታድገው ግቢው ሲሚንቶ በሆነ የኪራይ ቤት ውስጥ ይሆናል። አፈሩ የለም። ማቆያው አፈሩንና ውሃውን ነው የሚሸጥላችሁ። ድሮ በነፃ የነበረ ነገር ዋጋ ማውጣቱ ያሳዝናል፣ እሱን አልክድም።

ፊደልን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። የኛ ፊደል 33 በ7 ነው፣ 231። ሲያዩት ተራራ ይመስላል። ግን ለልጅ ጆሮ የሚመች ጠባይ አለው፤ አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ በአፍ የሚነገረውን አንዱን ቁራጭ ድምፅ ይይዛል። ከልጅሽ ጋር እያጨበጨባችሁ «ባ - ቄ - ላ» በሉ። ሦስት ጭብጨባ። ሲጻፍም ሦስት ፊደል። «ጣ - ሳ» ሁለት፣ ሲጻፍም ሁለት። («አተር» ላይ ጨዋታው ይበላሻል። ሁለት ጊዜ አጨብጭበሽ ሦስት ፊደል ታገኛለሽ። እሱን ለጊዜው እለፊው።) ከዚያ «በባ የሚጀምር ሌላ ምን አለ?» በያት። ባልዲ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባቡር። ይኼ መንገድ ላይ ከማቆያ ወደ ቤት ስትሄዱ የሚሆን ነው። እርሳስም ደብተርም አይፈልግም።

አሁን «ምንም» ወደምትለው መልሷ እንምጣ። ብዙ እናቶች የሚጽፉልኝ ይህን ነው። ልጅሽ አልዋሸችሽም። «ተማርሽ» የሚለው ቃል የሷ ቃል አይደለም። እሷ አልተማረችም፣ አተር ለየች። አንቺም ፋብሪካ ውለሽ ስትመጪ ባልሽ «ዛሬ ምን አመረትሽ?» ቢልሽ «ምንም፣ ደክሞኛል» ነው የምትይው።

ስለዚህ የማታውን ወሬ ለዚህ ተጠቀሚበት። ላንቺ የተላከ ሪፖርት አድርገሽ ብቻ አትይው፤ ለልጅሽ የምታቀርቢው የወሬ መጀመሪያ ነው። ፎቶውን ከፍተሽ አሳያት። «ይቺ ማናት? ሦስተኛው ጣሳ ውስጥ ምን ነበር?» በያት። ከዚያ ዝም በይ። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ መልስ እስኪያዘጋጅ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ደግሞ ዝምታ አንችልም፣ ቶሎ ሌላ ጥያቄ እንደርባለን። ምናልባት «የታመመ ባቄላ» ትልሻለች፤ ነቀዝ የበላውን ማለቷ ነው። ምናልባት «የኔ» ትልሻለች። ሁለቱም መልስ ነው።

ማቆያውንም አንድ ነገር ጠይቂልኝ። «ስንለይ ዋልን» የሚለው የሁሉም ልጆች ወሬ ነው። ሁሌ ባይሆንም በሳምንት አንድ ጊዜ የልጅሽን ብቻ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉልሽ። ምን አለች? ምን አስቸገራት? ከማን ጋር ተጣላች? ደህና ቲቸር ይህን ሳታስብ ትነግርሻለች፣ ስታይ ስለዋለች። ምንም የምትነግርሽ ካጣች ያኔ ጥርጣሬሽ ቦታ አለው። በየቀኑ ግን አታስጨንቂያት፤ ስልክ ይዛ ፎቶ ስታነሳ የምትውል ቲቸር ልጅ አይታይላትም። ደግሞ ፎቶው ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች አሉ። ለእናትሽ አሳያቸው፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ግን አትለጥፊ።

አሁን ወደ ኋላ ያልኩሽ ነገር። ልጅን የሚያስወጣው። አንድ ቀን ጠዋት ሳትቸኩዪ ሂጂና ራስሽ እዪ።

መጀመሪያ ባቄላውን ራሱን። ትምህርቱ ግሩም ነው፣ አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ደረቅ ባቄላና አተር ልጆች አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታሉ፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ለማውጣትም ያስቸግራል። አፍ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማነቅ አለ። ስለዚህ ባቄላ ሲለዩ አንድ ትልቅ ሰው ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ መኖር አለበት፤ በር ላይ ቆሞ ማየት አይበቃም። ሲያልቅም ተቆጥሮ ይነሳ። ለመክሰስ ቆሎ ወይም ለውዝ ይሰጡ እንደሆነም ጠይቂ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲህ ያለ ጠጣር ነገር አይሰጥም። ንፍሮም ቢሆን ለስልሶ፣ ተጨፍልቆ ነው። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ቆሎ ካልዘገንን እንግዳ የተቀበልን አይመስለንም፣ ስለዚህ ይህን ነገር ሰው ቀለል አድርጎ ያየዋል።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ይኼን ጠንከር አድርጌ ነው የምልሽ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል ላንቺ አልነግርሽም፤ ከተማው ለምን የብርድ ልብስ ፋብሪካ እንዳለው ብርዱን የቀመሰ ያውቃል። ልጆች እንዳይበርዳቸው ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው አይጠፋም። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛ ሕፃን ላይ ደግሞ ቶሎ ይሠራል። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ምድጃ ካየሽ ተናገሪ። ካልሰሙሽ ልጅሽን በማግስቱ አትላኪ። ብርዱን ደራርቦ ማልበስና ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃዋል።

ሌላው ወደ ውጭ መውጣታቸው ነው። በብርድ ሰበብ ልጆችን ቀኑን ሙሉ ቤት ዘግቶ ቴሌቪዥን የሚከፍት ማቆያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው ይላል፤ ከዚያ ውስጥ 60ው ደቂቃ እያለከለኩ የሚሮጡበትና የሚዘሉበት ነው። ስክሪን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ካነሰ የተሻለ። እንቅልፍ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። ፀሐይዋ ወጥታ ውርጩ ሲረግፍ፣ ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ አኩኩሉ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ ከሰማሽ ደህና ነው።

የመጨረሻው ጆሮሽ ነው። በር ላይ አምስት ደቂቃ ቁሚ። ትልልቆቹ ከልጆቹ ጋር ያወራሉ ወይስ «ተቀመጥ፣ ተው፣ ዝም በል» ብቻ ነው የሚሰማው? አንድ ልጅ ውሃ ሲያፈስ ምን ይባላል? ለኔ ከግድግዳው ቀለምና ከተለጠፈው ሥዕል ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ልጅሽ ጠዋት የማታለቅስ መሆኗም ትንሽ ነገር አይደለም።

የቀሩት አማትሽ ናቸው። እሳቸውን ተከራክረሽ አታሸንፊያቸውም፣ አትሞክሪውም። ደግሞ ግማሹ ሐቅ የሳቸው ነው። «እኔ ዘንድ በነፃ ትለቅማለች» ብለዋል አይደል? ቃላቸውን ያዢ። ቅዳሜ ለሽሮ የሚሆነውን ባቄላና አተር ሰፌድ ላይ አቅርቢላቸውና ልጅቷን ጎናቸው አስቀምጪ። ቁጭ ብለው የሚሠሩት ስለሆነ ጉልበታቸውንም አያስቸግርም። ለዘር የሚሆነው የቱ ነው፣ ለክክ የሚሆነው የቱ ነው፣ ለንፍሮስ? ይህን የትኛውም ቲቸር እንደ መንዝ ሴት አታውቀውም። እያወሩ ይልቀሙ። ልጅቷ ማቆያ ውስጥ የለመደችውን ስታሳያቸው ደግሞ ያዩታል። አንቺ ወጥ ቤት ግቢና ጆሮሽን ብቻ ጣዪ።

ከዚያ በኋላ ለማቆያው አንድ ሐሳብ አቅርቢ። አንድ ረፋድ እሳቸውን ይጋብዟቸው። እንዝርታቸውንና ትንሽ የበግ ጠጉር ይዘው ይሂዱ። መንዝ ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ባናውን ይሠራል፤ እሳቸው እጃቸው ላይ ያለውን ያሳዩ። እንዝርት ሲሾር አፉን ያልከፈተ ልጅ አይቼ አላውቅም። ልጆቹ ጠጉሩን ይንኩት፣ ይጎትቱት፣ ያሽትቱት። አንድ ጎበዝ ቲቸር ከዚያች እንዝርት ብቻ የሳምንት ሥራ ታወጣለች። ወንበር ብቻ ከፍ ያለ ይሁንላቸው።

ባለቤትሽ ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተዋጠለት፣ አትጣዪው። እሱ ራሱ አንድ ቀን ልጁን ሄዶ ያምጣት፣ መንገድ ላይም «ባ - ቄ - ላ» እያሉ ይምጡ።

የሦስተኛውን ጣሳ ነገር ግን እንዳትረሺ። ምን ነበረበት? ስትነግርሽ ጻፊልኝ።